የቤት የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ አመራረጥ፤ ፍሎራይድ ለሚበዛበት አገር ገበሬ

ብልህ ገበሬ ዘር ከመግዛቱ በፊት መሬቱን ያያል። ለመረሬ አፈር የተስማማው ዘር ለአሸዋማው መሬት እንደማይስማማ ያውቃልና። የውሃ ማጣሪያም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ለአንዱ ጉድጓድ ውሃ የሚበጀው ማጣሪያ ለሌላው ጉድጓድ ውሃ ምንም ላይጠቅም ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ውሃውን ማወቅ ይገባዋል።

ዛሬ በየከተማው ሱቅ ብዙ ዐይነት የውሃ ማጣሪያ ይሸጣል። ከነዚህም አንዱ «ሪቨርስ ኦስሞሲስ» ወይም ባጭሩ «አር ኦ» የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ በደንብ ከተመረጠና በደንብ ከተያዘ ታላቅ ጥቅም ይሰጣል። ያለ ዕውቀት ከተገዛ ግን የአንድ ዓመት የሽንኩርት ወይም የቲማቲም ገቢ በልቶ ማእዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ይቀራል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው ነው።

ይህ ትምህርት የተጻፈው በስምጥ ሸለቆ፣ ይኸውም በወንጂና በአዳማ ዙሪያ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በሐዋሳ አካባቢና በመሳሰሉት ቦታዎች ለሚኖሩ ገበሬዎችና ከነርሱ ጋራ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች ነው። ለምን ቢባል በነዚህ ቦታዎች የመጠጥ ውሃ ትልቁ ጠላት በዐይን የማይታየው ፍሎራይድ ስለሆነ ነው።

1ኛ. ፍሎራይድ ምንድን ነው? ጉዳቱስ?

ፍሎራይድ በድንጋይ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው። የስምጥ ሸለቆ መሬት ከጥንት እሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይና ዐመድ የተሞላ ስለሆነ፣ በዚህ ድንጋይ መካከል ቀስ እያለ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድን እያሟሟ ይሸከማል። በተለይም ሞቅ ያለው ውሃና ኖራ ያነሰው ውሃ ብዙ ፍሎራይድ ይይዛል። ከዚህም የተነሣ የፍል ውሃና የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ መጠን ይገኝበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ልክ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። አገሩ ሞቃት ስለሆነ ሰው ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ መጠኑ ከ1.5 እየቀነሰ በሄደ ቍጥር የተሻለ ነው።

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይታያል። የመጀመሪያው በጥርስ ላይ ነው። የልጅ ጥርስ በድድ ውስጥ ሳለ በሚሠራበት ጊዜ፣ ማለት ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ፣ ልጁ ብዙ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ከጠጣ ጥርሱ ቡናማ ይሆናል፤ ብዙ ሲሆንም ይቦረቦራል። ይህ ከጥርስ መፋቂያ ማነስ የመጣ ስላልሆነ በመፋቅ አይለቅም። ሁለተኛው ጉዳት በአጥንት ላይ ነው። ብዙ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው መገጣጠሚያው ይታመማል፤ ወገቡና አንገቱ ይደርቃል፤ በመጨረሻም መጐንበስና ዞሮ ማየት እስኪያቅተው ድረስ ይደርሳል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የዚያን አገር የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት ሲጠጡ በኖሩ ሠራተኞች ላይ ሐኪሞች ይህንኑ የአጥንት በሽታ አግኝተው መዝግበዋል።

የበረታው የጥርስና የአጥንት ጉዳት በመድኀኒት ተመልሶ አይድንም። መከላከል ግን ይቻላል። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ቃል ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።

2ኛ. ከመግዛት በፊት ውሃን ማስመርመር

ፍሎራይድ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕሙም አይለይም። ጥርት ያለና የሚጥም ውሃ ብዙ ፍሎራይድ ሊኖርበት ይችላል። እንዲሁም በአንድ ቀበሌ ውስጥ የሚገኙ ሁለት ጉድጓዶች የፍሎራይድ መጠናቸው በጣም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ «የጎረቤቴ ውሃ ደኅና ነው፤ የኔም ደኅና ይሆናል» ማለት አይገባም። የሚያስተማምነው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

ለምርመራ ውሃ ሲቀዳ እንደሚከተለው ይደረግ።

ሀ) ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ አዘጋጁ። ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋራ ስለሚዋሐድ የብርጭቆ ጠርሙስ አይሁን።

ለ) ጠርሙሱን በዚያው በሚመረመረው ውሃ 3 ጊዜ አለቅልቁ፤ ከዚያ ሞልታችሁ ክደኑት።

ሐ) የቦታውን ስም፣ የጉድጓዱን ጥልቀትና የተቀዳበትን ቀን ጽፋችሁ ለጥፉበት።

መ) በወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ላቦራቶሪ አስልኩ። ሲልኩም «የፍሎራይድ መጠን ይመርመርልን» ብላችሁ በግልጥ ጠይቁ።

በሱቅ የሚሸጠው «ቲ ዲ ኤስ» የሚባለው ትንሽ መለኪያ በውሃ ውስጥ የሟሟውን የጨው ሁሉ ድምር ያሳያል እንጂ ፍሎራይድን ለይቶ አያሳይም። ነጋዴው በዚህ መለኪያ ብቻ ውሃችሁን አይቶ «ፍሎራይድ አለበት» ወይም «የለበትም» ቢላችሁ አትቀበሉት።

3ኛ. የትኛው ዘዴ ምን ያወጣል?

የውሃ ችግር በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ጭቃና ድፍርስ ነው። ሁለተኛው በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ነው። ሦስተኛው እንደ ፍሎራይድ ያለ በውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን ነው። ለአንዱ የተሠራው መሣሪያ ሌላውን ላያወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ሳይለይ ነው።

በጨርቅ ወይም በአሸዋ ማጣራት ድፍርሱን ይቀንሳል፤ ፍሎራይድን አያወጣም።

ውሃ ማፍላት ተሕዋስን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ፍሎራይዱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይበረታል።

እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ተሕዋስን ይገድላል፤ ፍሎራይድን አያወጣም።

የሸክላ ማጣሪያ ድፍርስንና ብዙ ተሕዋስን ይይዛል፤ ፍሎራይድን አያወጣም።

ተራ የከሰል ማጣሪያ ሽታንና ክሎሪንን ያወጣል፤ ለፍሎራይድ ግን አይታመንም።

የአጥንት ከሰል፣ የአሉምና የኖራ ዘዴ፣ እንዲሁም አር ኦ ፍሎራይድን ይቀንሳሉ።

ከዚህ የምንረዳው ይህ ነው፤ የውሃው ችግር ተሕዋስ ብቻ ከሆነ ውድ የሆነውን አር ኦ መግዛት አያስፈልግም። ክሎሪን ወይም ማፍላት ይበቃል። ችግሩ ፍሎራይድ ከሆነ ግን ርካሹን የሸክላ ማጣሪያ መግዛት ርካሽ አይደለም፤ ገንዘብ መጣል ነው።

4ኛ. አር ኦ እንዴት ይሠራል?

የአር ኦ ልቡ «ሜምብሬን» የሚባለው ስስ ሽፋን ነው። ይህን ሽፋን እጅግ ረቂቅ እንደሆነ ወንፊት አድርጋችሁ አስቡት። ውሃ በኀይል ሲገፋበት ንጹሑ ውሃ ያልፋል፤ የሟሟው ጨውና ፍሎራይድ አብዛኛው ወደ ኋላ ይቀራል። የቀረው ጨዋማ ውሃ በሌላ ቧንቧ ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ለጥቅም የበቃ ሜምብሬን እ.ኤ.አ. በ1959 ገደማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎብና ሱሪራጃን የሚባሉ ሊቃውንት ሠሩ፤ በመጀመሪያ የታሰበውም ጨዋማ ውሃን ለመጠጥ ለማዋል ነበር።

የቤት አር ኦ ዋና ዋና ክፍሎች እነዚህ ናቸው።

ሀ) የደለል ማጣሪያ፤ አሸዋና ጭቃን ይይዛል።

ለ) የከሰል ማጣሪያ፤ ክሎሪንን ያወጣል። ክሎሪን ዛሬ በብዛት የሚሸጠውን ሜምብሬን ስለሚያበላሽ ይህ ክፍል የግድ ነው።

ሐ) ሜምብሬኑ፤ ፍሎራይድን የሚያወጣው እርሱ ብቻ ነው።

መ) የንጹሕ ውሃ ማጠራቀሚያና ቧንቧው።

ደኅና የሆነ አዲስ ሜምብሬን፣ ግፊቱ ከተሟላ፣ ከ100 እጅ ፍሎራይድ 90 ያህሉን ያስቀራል። አሁን ሒሳቡን እንመልከት። የጉድጓዱ ውሃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ቢኖረው፣ 90 እጁ ሲወጣ 0.8 ይቀራል፤ ይህ ለመጠጥ ይሆናል። ጉድጓዱ 18 ሚሊ ግራም ቢኖረው ግን 1.8 ይቀራል፤ ይህ ከልክ በላይ ነው። እንዲሁም ሜምብሬኑ አርጅቶ 70 እጅ ብቻ የሚያወጣ ቢሆን፣ የ8 ሚሊ ግራሙ ውሃ 2.4 ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የምርመራውን ውጤት ሳይዝ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው መሣሪያው ይበቃው እንደሆነ አያውቅም።

5ኛ. አር ኦ ለቤታችሁ ይስማማልን?

ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች መዝኑ።

ግፊት። የቤት አር ኦ በደንብ ለመሥራት ከ3 እስከ 4 ባር የሚሆን ግፊት ይፈልጋል። 10 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ውሃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ 3 ሜትር ቆጥ ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ይሆናል። ይህ ሜምብሬኑን አያሠራውም፤ ውሃው በጠብታ ይወጣል፤ ፍሎራይዱም በሚገባ አይቀነስም። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ኀይል በሌለበት ቤት ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ያስፈልጋል። ፓምፑም መብራት ይፈልጋል።

መብራት። በቤቱ መብራት ከሌለ ወይም ቀኑን ሁሉ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩን ደግማችሁ አስቡ። መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ በዚያ ሰዓት ውሃ አጣርቶ የሚያጠራቅም ዕቃ መኖር አለበት። መብራት ጭራሽ ለሌለው ቤት በ8ኛው ክፍል የተጻፉት ዘዴዎች ይሻላሉ።

የሚፈስ ውሃ። አር ኦ የገባውን ውሃ ሁሉ አያጣራም። በብዙ የቤት መሣሪያዎች 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት 3 ሊትር ይፈስሳል። 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት 80 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትሩን 4 ጀሪካን፣ ማስገባት ያስፈልጋል። ውሃ ከቦኖ በጀሪካን ለሚገዛ ወይም በአህያ ለሚያመላልስ ቤተ ሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ድካም የምትሸከመው ብዙ ጊዜ እናትና ሴት ልጅ መሆኗን ልብ በሉ። አንዱን ሊትር አጥርተው አንድ ሊትር ብቻ የሚያፈሱ መሣሪያዎችም አሉ፤ ስለዚህ መጠኑን ጠይቁ።

የሚፈሰው ውሃ ለልብስ አጠባና ለቤት ወለል ይሆናል። ጨውና ፍሎራይድ የበረታበት ስለሆነ ግን ለከብት መጠጥ አይሰጥ፤ የከብትም ጥርስና አጥንት በፍሎራይድ ይጐዳልና። በአንድ የአትክልት መደብ ላይም ዘወትር ማፍሰስ አይገባም፤ ጨው እየተጠራቀመ መሬቱን ያበላሻል።

6ኛ. በሱቅ ውስጥ መጠየቅ የሚገባ

ሀ) የሜምብሬኑን ልክና ቍጥር ጠይቁ። በቤት መሣሪያ ዘንድ በብዛት የሚገኘው ልክ «1812» የሚባለው ነው፤ የደለሉና የከሰሉ ማጣሪያ ቤትም ብዙ ጊዜ 10 ኢንች ነው። እነዚህ የተለመዱ ልኮች ስለሆኑ መለዋወጫቸው ከብዙ ነጋዴ ይገኛል። ከአንድ ድርጅት ብቻ የሚገዛ ልዩ መለዋወጫ ያለው መሣሪያ በመጀመሪያ ቢረክስም በኋላ ያስወድዳል።

ለ) በደረጃ ብዛት አትታለሉ። ነጋዴ «ባለ 5 ደረጃ፣ ባለ 7 ደረጃ» እያለ ያወድሳል። የግድ የሆኑት ሦስቱ ናቸው፤ የደለል፣ የከሰልና የሜምብሬን። የቀሩት ለጣዕምና ለሌላ ጉዳይ የተጨመሩ ናቸው። ትርፍ ገንዘብ ካለ ለትርፍ ደረጃ ሳይሆን ለተጨማሪ ሜምብሬን ይዋል።

ሐ) ፍሎራይድን ስንት እጅ እንደሚያወጣ የተጻፈ ወረቀት ካለ ጠይቁ። «ኤን ኤስ ኤፍ 58» የሚል ምልክት ለቤት አር ኦ የወጣ የጥራት መለኪያ ነው። ምልክቱ በዕቃው ላይ ወይም በወረቀቱ ላይ መኖሩን በዐይናችሁ እዩ።

መ) በቀን ስንት ሊትር እንደሚያጣራ ጠይቁ። ሜምብሬን ብዙ ጊዜ በጋሎን ይለካል፤ «50 ጋሎን» ማለት በቀን 190 ሊትር ያህል ነው። ይህም ግፊቱ ሙሉ ሲሆን ነው። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ቢታሰብ፣ 6 ነፍስ ላለው ቤት 20 ሊትር ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ትንሹ መሣሪያ ይበቃል፤ ትልቁን መግዛት አያስፈልግም።

ሠ) ግፊት መጨመሪያው ፓምፕ በዋጋው ውስጥ መኖሩንና አለመኖሩን ጠይቁ። ርካሽ የመሰለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ፓምፑን ያልቈጠረ ነው።

ረ) መለዋወጫው በአቅራቢያችሁ ከተማ መኖሩን በራሳችሁ አረጋግጡ። ከአዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ ከሆነ የመንገዱንም ወጪ ቍጠሩ።

7ኛ. የዋጋ ሒሳብ

የመሣሪያ እውነተኛ ዋጋ በሱቁ የተለጠፈው አይደለም። እውነተኛው ዋጋ መሣሪያው በሚያገለግልበት ዘመን ሁሉ የሚወጣው ወጪ ለሚያወጣው ውሃ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ቍጥር ሒሳቡን ለማስተማር ብቻ የተወሰደ ስለሆነ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዙት።

አንደኛው መሣሪያ 12,000 ብር ይሸጣል፤ መለዋወጫው ግን በዓመት 6,000 ብር ይፈጃል። ሁለተኛው 15,000 ብር ይሸጣል፤ መለዋወጫው የተለመደ ልክ ስለሆነ በዓመት 3,000 ብር ይበቃዋል። በ5 ዓመት ውስጥ፦

አንደኛው፤ 12,000 + (5 × 6,000) = 42,000 ብር።

ሁለተኛው፤ 15,000 + (5 × 3,000) = 30,000 ብር።

ቤተ ሰቡ በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም በ5 ዓመት 36,500 ሊትር ይሆናል። በአንደኛው አንድ ሊትር 1 ብር ከ15 ሳንቲም ሲያወጣ፣ በሁለተኛው 82 ሳንቲም ያወጣል። እንግዲህ በሱቅ የረከሰው በቤት ውስጥ የተወደደው መሆኑ ታየ። በዚህ ላይ የመብራትንና የሚፈሰውን ውሃ ዋጋ ጨምሩበት።

የመለዋወጫውን ገንዘብ በየዓመቱ ማውጣት የማይችል ሰው መሣሪያውን ባይገዛ ይሻለዋል። ምክንያቱም ያረጀ ሜምብሬን ውሃ መስጠቱን አያቆምም፤ የሚያቆመው ፍሎራይድን መያዙን ነው። ቤተ ሰቡም «አጣርተናል» እያለ ፍሎራይድ ይጠጣል።

8ኛ. አነስተኛ ገንዘብ ላለው ቤት ሌሎች መንገዶች

የዝናብ ውሃ። ከንጹሕ የቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል። ለብዙ የስምጥ ሸለቆ ገበሬ ይህ ከሁሉ የሚቀርብ መንገድ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ይሰጣል። ቁመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ነው። በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 28,000 ሊትር ይሆናል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 22,400 ሊትር ይቀራል። ቤተ ሰቡ ለመጠጥና ለምግብ በቀን 20 ሊትር ከወሰደ ለ8 ወር በጋ የሚያስፈልገው 4,800 ሊትር ነው። ስለዚህ ክረምት ሲወጣ የሞላ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ፣ ውሃው ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ከተቈጠበ፣ በጋውን ያሻግራል። አሸንዳው በየጊዜው ይጠረግ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ፤ ሮቶው ይከደን፤ ለመጠጥም ሲቀዳ በክሎሪን ይታከም።

ማደባለቅ። የዝናቡ ውሃ የማይበቃ ከሆነ ከጉድጓዱ ውሃ ጋራ ደባልቁት። ጉድጓዱ 3 ሚሊ ግራም ቢኖረው፣ 1 ጀሪካን የጉድጓድ ውሃ ከ2 ጀሪካን የዝናብ ውሃ ጋራ ሲደባለቅ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ይሆናል። ጉድጓዱ 6 ሚሊ ግራም ቢኖረው፣ 1ዱ ከ4 ጋራ ሲደባለቅ 1.2 ይሆናል። ይህ ዘዴ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የምርመራ ውጤትና ትክክለኛ አሰፋፈር ብቻ ነው።

የአጥንት ከሰል። በልዩ ምድጃ በልክ የተቃጠለና የተፈጨ የከብት አጥንት ፍሎራይድን ይይዛል። ግፊትም መብራትም አይፈልግም፤ በባልዲ ውስጥ ይሠራል። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ስለሚሞላ ውሃው በየጊዜው እየተመረመረ ከሰሉ መለወጥ አለበት። በቤት ውስጥ በዘፈቀደ የተቃጠለ አጥንት ውሃውን ስለሚያሸት አይሆንም። በጾምና በሃይማኖት ምክንያት የሚጠራጠር ቤተ ሰብ ካለ አስቀድሞ ከሃይማኖት አባቶቹ ጋራ ይመካከር።

አሉምና ኖራ። ይህ በሕንድ አገር ናልጎንዳ በሚባል ስፍራ ስም የሚጠራ ዘዴ ነው። አሉምና ኖራ በልክ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይበጠበጣል፤ ከዚያም እስኪያጠልል ይቀመጣል። መጠኑ እንደ ውሃው ስለሚለያይ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ በግምት አይሠራ።

በማኅበር መግዛት። አንድ ቤት የማይችለውን አር ኦ ብዙ ቤት ሆኖ ሊገዛው ይችላል። ዕድር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ መሣሪያ ገዝቶ አንድ ሰው ኀላፊ ቢያደርግበትና ከየጀሪካኑ ጥቂት ሳንቲም ለመለዋወጫ ቢያጠራቅም፣ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀላል። መብራት በሌለበትም የፀሐይ ኀይል ፓምፑን ሊያሠራ ይችላል።

ውሃው ካልበቃ ለማን ይቅደም? ንጹሑ ውሃ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ አስቀድሞ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይሰጥ። የእነርሱ ጥርስ ገና በመሠራት ላይ ነውና። የሕፃኑም ገንፎ በዚሁ ውሃ ይሠራ፤ በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከምግቡ ጋራ ይበላልና። ጡት ለሚጠባ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነው። ቀጥሎ ነፍሰ ጡርና አራስ፣ ከዚያም የቀረው ቤተ ሰብ ይጠጣ። አባወራው ለእንግዳ ክብር ሲል የልጆቹን ውሃ አያፍስስ።

9ኛ. ከተገዛ በኋላ አያያዝ

ሀ) ድፍርስ ውሃን በበርሜል አጥልሉ እንጂ በቀጥታ ወደ መሣሪያው አታስገቡ።

ለ) አዲስ መሣሪያ ሲተከል በመጀመሪያ የሞላውን ውሃ አፍስሱ። ከዚያ በኋላ የወጣውን ውሃ ለላቦራቶሪ ልካችሁ ፍሎራይዱ ከ1.5 በታች መሆኑን አረጋግጡ። ይህ ሳይደረግ መሣሪያው ሠርቷል አይባልም።

ሐ) የደለሉንና የከሰሉን ማጣሪያ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ለውጡ። ሜምብሬኑ እንደ ውሃው ከ2 እስከ 3 ዓመት ያገለግላል። የተለወጠበትን ቀን በመሣሪያው ላይ ጻፉ።

መ) የቲ ዲ ኤስ መለኪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሚገባውና የሚወጣው ውሃ በየወሩ ይለካ። መሣሪያው አዲስ ሳለ የሚገባው 900፣ የሚወጣው 60 ከነበረና ከጊዜ በኋላ የሚወጣው 180 ከደረሰ፣ ሜምብሬኑ እየደከመ ነውና ውሃውን አስመርምሩ።

ሠ) አር ኦ ያጣራው ውሃ ክሎሪን ስለሌለው ቶሎ ይበከላል። ክዳንና ቧንቧ ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ፤ በጣሳ አይጠለቅ። ክሎሪን ካስፈለገ ከተጣራ በኋላ ይጨመር እንጂ ሜምብሬኑ ውስጥ እንዲያልፍ አይደረግ።

ረ) አር ኦ ከፍሎራይድ ጋራ ካልሲየምንም ያወጣል። ስለዚህ ልጆች እንደ ወተት፣ ጤፍና ጎመን ያለውን ምግብ እንዲያገኙ ይደረግ።

10ኛ. ለልማት ሠራተኛው

የልማት ሠራተኛ ሥራ መሣሪያ ማሻሻጥ አይደለም። በመጀመሪያ በቀበሌው ያሉትን ጉድጓዶችና ቦኖዎች ሁሉ በመዝገብ ጽፎ የእያንዳንዱን የፍሎራይድ መጠን ያስመርምር። ምናልባት በዚያው ቀበሌ ውስጥ ልኩ ደኅና የሆነ ጉድጓድ ይገኛል። ይህ ከሆነ የመጠጡን ውሃ ከዚያ መቅዳት፣ ከሌላውም ለልብስ መቅዳት ይበቃል፤ ምንም መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ውጤቱንም ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ በግልጥ ይለጥፍ። ትምህርቱን ሲሰጥ አባወራዎችን ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚቀዱትንና ምግብ የሚሠሩትን ሴቶች አስቀድሞ ይጥራ። ሳያውቁ ማጣሪያ የገዙ ገበሬዎች ካሉም ሳይወቅስ የወጣውን ውሃ ያስመርምርላቸው።

የትምህርቱ ጥያቄዎች

1. የእናንተ ጉድጓድ ውሃ በሊትር ስንት ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አለው? ካላወቃችሁ ማንን ትጠይቃላችሁ?

2. ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን ለምን አይቀንስም?

3. 12 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለበት ውሃ 90 እጁ ሲወጣለት ስንት ይቀራል? ለመጠጥ ይሆናልን?

4. የጣሪያችሁን ቁመትና ወርድ ለክታችሁ በ700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ አስሉ። አንድ አምስተኛውን ለብክነት ቀንሱ።

5. ንጹሑ ውሃ በቀን አንድ ጀሪካን ብቻ ቢሆን በቤታችሁ ለማን ለማን ይሰጣል?

እነዚህን ጥያቄዎች በቤተ ሰብ መካከል ተነጋገሩባቸው። መልሱን ያገኘ ቤተ ሰብ ወደ ሱቅ ቢሄድ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። ወደ ሱቅ መሄድ እንደማያስፈልገው የተረዳ ቤተ ሰብም ገንዘቡን ለአሸንዳና ለሮቶ ያውለዋል።